ለሀዋሳ ሐይቅ ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ፦ የቱ ሞተር፣ የቱ ፕሮፔለር?

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። ጠዋት እንደ መስታወት ተኝቶ የነበረው ሐይቅ መልኩን ቀይሯል። ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል። ሸራውን አውርደናል። ሞተሩ ባለው አቅም ሁሉ ያጓራል። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የከተማው ዳርቻ ያሉት ዛፎች ግን አልቀርብ ብለዋል። የሰቀልነው ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር ነው። ጀልባዋ ደግሞ ስድስት ሜትር ብቻ ናት።

እንደምንም አሞራ ገደል ደረስን። እዚያ አንድ በዕድሜ የገፉ ጀልባ ነጂ ሞተሩን ወደ ላይ አነሱት። ፕሮፔለሩን፣ እየዞረ ውኃውን የሚገፋውን ብረት፣ በእጃቸው አዞሩና የተቀረጸበትን ቁጥር አዩት። «ልጄ፣ ሞተሩ ምንም አልሆነም። ጫማው ነው ልኩ ያልሆነው» አሉኝ።

ፕሮፔለሩን ማለታቸው ነበር። ትክክል ነበሩ። ሞተሩን የሸጠልን ሰው ለፈጣን ጀልባ የተሠራ ፕሮፔለር ገጥሞ ነበር የሰጠን። እኛም የጠየቅነው ስለ ፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር።

ዛሬ ሰው ሞተር ልግዛ ብሎ ሲያማክረኝ ሦስት ነገር እጠይቀዋለሁ። ጀልባህ ከነጭነቷ ስንት ትመዝናለች? ውኃ የሚነካው ርዝመቷ ስንት ነው? ፕሮፔለሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ምን ይላል? ስንት ፈረስ የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ጀልባዋ የራሷ ጣሪያ አላት

ባለ ሸራ ጀልባና ጎብኚ የሚያመላልሰው ፈጣን ጀልባ አንድ አይደሉም። ፈጣኑ ከሥሩ ጠፍጠፍ ያለ ነው። ጉልበት ሲያገኝ ከውኃው ብድግ ብሎ በላዩ ላይ ይንሸራተታል። የእኛዋ ግን ሁልጊዜ ውኃውን እየሰነጠቀች ነው የምትሄደው። ስትሄድ ሞገድ ትሠራለች። ፍጥነቷ ሲጨምር ሞገዱ ይረዝማል። ሞገዱ የጀልባዋን ርዝመት ሲያክል አፍንጫዋ አንዱ ጫፍ ላይ፣ ጀርባዋ የሚቀጥለው ጫፍ ላይ ይሆናል። ሞገዱ ከዚያ ሲረዝም ጀርባዋ ጎድጓዳው ውስጥ ይወርዳል። ከዚያ በላይ ለመፍጠን ራሷ የሠራችውን ዳገት መውጣት አለባት። ዳገቱ ደግሞ አብሯት ይሄዳል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ጀልባዋ ጭነቷን ይዛ ስትንሳፈፍ ውኃ የሚነካውን ርዝመት በሜትር ለኩ። ስኩዌር ሩቱን አውጡ። በ4.5 አባዙት። የምታገኙት ፍጥነቷን በሰዓት በኪሎ ሜትር ነው። የእኛ ጀልባ ከጫፍ እስከ ጫፍ 6.2 ሜትር ናት፤ ውኃ የሚነካው 5.5 ነው። ስኩዌር ሩቱ 2.35 ያህል ይሆናል። በ4.5 ሲባዛ በሰዓት 10.5 ኪሎ ሜትር። በቃ፣ ጣሪያዋ ይኸው ነው። ባለ 40 ፈረስ ብትሰቅሉባት ጀርባዋን ትዘፍቃለች፤ ከኋላ ውኃ እስከ መግባት ልትደርስም ትችላለች። ፍጥነቷ ግን ይህን ያህል አይጨምርም።

እዚያ ጣሪያ አጠገብ ለመድረስ ስንት ጉልበት ይበቃል? የተለመደው መለኪያ ለአንድ ቶን ከ4 እስከ 5 ፈረስ ነው። ነፋስና ሞገድ ሲመጣ የሚያስፈልገው ትርፍ በዚህ ውስጥ ተካቷል። ክብደት ስል ባዶዋን ማለቴ አይደለም። ሰው፣ ሞተር፣ ቤንዚን፣ መልሕቅ፣ ሸራና ምሰሶ፣ የምሳ ዕቃ ሳይቀር ይደመራል። ባዶዋን 700 ኪሎ የሆነች ጀልባ አራት ሰው ከነዕቃው ሲወጣባት 1,100 ኪሎ ትገባለች። ስለዚህ የእኛዋ ከ4.4 እስከ 5.5 ፈረስ ትፈልጋለች ማለት ነው።

ግን ያ ስሌት የተሠራው በባሕር ወለል ላይ ላለ ሰው ነው። እኛ ደግሞ ከፍ ብለን ነው የምንኖረው።

ሀዋሳ ላይ 15 ፈረስ 15 አይደለም

የሀዋሳ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። የቤንዚን ሞተር ደግሞ ጉልበቱ በሚስበው አየር ልክ ነው። በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። እኛ ጋ ሲደርስ 17 በመቶ ገደማ አጥቷል። ባለ 6 ፈረሱ 5 ይሆናል። ባለ 9.9ኙ 8.2፣ ባለ 15ቱ 12.5። ሽፋኑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር አይለወጥም፤ የሚገፋው ጉልበት ግን ተለውጧል።

ስለዚህ በባሕር ወለል 4.4 ይበቃታል የተባለች ጀልባ እዚህ 5.3 ትፈልጋለች። 5.5 የተባለችው ደግሞ 6.6። ቆቃ ላይ ጀልባ ያላችሁ የአዳማ ሰዎችም ከዚህ አታመልጡም። ቆቃም ከ1,500 ሜትር በላይ ነው።

ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ያለው ሞተር ሌላ ጣጣም አለው። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ሞተሩ ቶሎ አይነሳም። መፍትሔው ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሽ ቀዳዳ በጠበበች ማስቀየር ነው። ሥራው አንድ ሰዓትም አይፈጅም፤ ልዩነቱ ግን ይሰማል። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ የሚረጭ ሞተር ድብልቁን ራሱ ያስተካክላል። የጎደለውን አየር ግን እሱም ከየትም አያመጣም።

ይህን ሁሉ የማወራው ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር አብዛኛው ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖር ሰው የመጣ ስለሆነ ነው። ስለ ጨው ውኃ ዝገት ብዙ ይነግራችኋል። እኛን ያ ብዙም አያሳስበንም። ስለ ከፍታ ግን ምንም አይልም።

ሞተሮቹን ጎን ለጎን ስናያቸው

ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ ብጽፈው በሚቀጥለው ወር ውሸት ይሆናል።

ባለ 6 ፈረስ፣ ባለ አራት ምት (ፎር ስትሮክ፤ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የማይቀላቀልበት)። ከነጭነቷ አንድ ቶን ለማትሞላ ጀልባ ይኼ ይበቃል። ክብደቱ 26 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ሰው አንጠልጥሎ ወደ ቤት ይዞት ይገባል፤ ሌሊት ጀልባ ላይ ማሳደር ለማይፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ አምራቾች ባለ 4ቱን፣ ባለ 5ቱንና ባለ 6ቱን የሚሠሩት ከአንድ አካል ነው። ክብደታቸው ያው ነው። ስለዚህ ለእኛ ከፍታ በ4 እና በ6 መካከል የምታመነቱ ከሆነ 6ቱን ያዙ።

ባለ 9.9፣ ባለ አራት ምት፣ ለግፊት የተሠራው። ይህን ከተራው ባለ 9.9 መለየት ያስፈልጋል። በፈረስ ጉልበት እኩል ናቸው። ልዩነቱ ማርሹ ላይ ነው። ተራው ያማሃ ላይ ሞተሩ 2.08 ጊዜ ሲዞር ፕሮፔለሩ አንዴ ይዞራል። ለግፊት የተሠራው ያማሃ ላይ ሞተሩ 2.92 ጊዜ ሲዞር ነው ፕሮፔለሩ አንዴ የሚዞረው። ዝግ ብሎ ስለሚዞር ሰፊ ፕሮፔለር ይሸከማል። ጭነት የያዘ አይሱዙ ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀንስ እንደማለት ነው። ሞተሩ ያው ነው፣ የሚጎትተው ግን ይጨምራል። ወደ ኋላ ሲሄድም በደንብ ስለሚገፋ ወደ ማቆሚያው ስትጠጉ ጀልባዋ ቁሚ ስትባል ትቆማለች። ክብደቱ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው፤ የኋላ ግድግዳዋ ያልጠነከረ ጀልባ ላይ አይሰቀልም። ከአንድ ቶን በላይ ለሆነች፣ ከሰዓት በኋላም ሐይቁን ለምታቋርጥ ባለ ሸራ ጀልባ የምመርጠው ይኼንን ነው። ሳላመነታ።

ባለ 15 ፈረስ፣ ባለ ሁለት ምት። ይህ በአገራችን ሐይቆች ላይ የታወቀ ሞተር ነው። ቀላል ነው፤ 36 ኪሎ ገደማ። ተመሳሳይ ጉልበት ያለው ባለ አራት ምት 50 ኪሎ ያልፋል። የትኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። መለዋወጫ ይገኛል። እነዚህ ትንሽ ነገሮች አይደሉም፤ ቆሞ የቀረ ጥሩ ሞተር ከሚሠራ መካከለኛ ሞተር አይበልጥም። ጉዳቱ ግን አለ። ለ50 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት መቀላቀል አለባችሁ። ከባለ አራት ምቱ ሲነጻጸር ቤንዚን ሲበላ ሲሶ ያህል ይበልጣል። ለንጽጽር፣ ባለ አራት ምቱ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ለየ10 ፈረሱ በሰዓት 4 ሊትር ገደማ ይወስዳል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሌላ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሚጠጣው ቤንዚንና ዘይት ከፊሉን ሳያቃጥል ከጭሱ ጋር ውኃ ውስጥ ይለቀዋል። የሀዋሳ ሐይቅ ደግሞ በወንዝ የሚወጣ ውኃ የለውም። ጥቁር ውኃ ይገባበታል፤ ወዲያ ማዶ ወንዝ ሆኖ የሚወጣ የለም። የለቀቅነው እዚያው ይቀራል። ቆሮሶውንና አምባዛውን ከዚሁ ሐይቅ ነው የምንበላው። አሞራ ገደል ቁጭ ብላችሁ አሣ ስትበሉ ውኃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ የዘይት ሽፋን አይታችሁ ከሆነ የምለው ይገባችኋል። ባለ ሁለት ምት ያለው ሰው ነገውኑ ይጣለው አልልም። አዲስ የሚገዛ ግን አቅሙ ከፈቀደ ባለ አራት ምት ይግዛ።

ባለ 25 ወይም ባለ 40 ፈረስ። ለባለ ሸራ ጀልባ አይሆንም። ስምንት አሥር ሰው ጭኖ ውኃው ላይ መንሸራተት ለሚፈልግ ጀልባ ነው የተሠራው።

በጀልባዋ ሆድ የሚቀመጥ ዲዝል። ከ7 ሜትር በታች ላለች ጀልባ አልመክርም። ከመቶ ኪሎ በላይ ይከብዳል። የጀልባዋን ሆድ በስቶ ዘንግ ማውጣት ይጠይቃል። ያ ቀዳዳ ዕድሜ ልክ ክትትል ይፈልጋል።

የኤሌክትሪክ ሞተር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ ስለ ባትሪ የሚያውቅ መካኒክ እየበዛ ነው። ለጀልባ ሰው ይህ ጥሩ ዜና ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ ስለዚህ ከፍታው አይነካውም። ባሕር ወለል ላይ 3 ኪሎ ዋት የሚሰጠው ሀዋሳም ላይ 3 ኪሎ ዋት ይሰጣል። 3 ኪሎ ዋት 4 ፈረስ ያህል ነው፤ ግን ከመነሻው ጀምሮ ሙሉ የማዞር ኃይል ስላለው ሰፊ ፕሮፔለር በዝግታ ያዞራል። ጸጥ ያለ ነው። ቤንዚን በጀሪካን ፍለጋ መንከራተት ይቀራል። ዳር ላይ የቆሙት አባ ኮዳዎች እንኳን አይደነግጡም።

ችግሩ ርቀት ነው። አንድ ባለ 48 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ሊትየም ባትሪ 4.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። አሟጦ መጨረስ ስለማይገባ 3.8ቱን ቁጠሩ። የእኛን በምታክል ጀልባ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ ግማሽ ኪሎ ዋት ገደማ ይበቃችኋል፤ ባትሪው ሰባት ሰዓት ያህል ይሄዳል። በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ልሂድ ካላችሁ ግን ወደ 2 ኪሎ ዋት ይጠይቃል፤ ባትሪው ሁለት ሰዓት አይሞላም። ለትንሽ ፍጥነት የሚከፈለው ጉልበት ብዙ ነው። ሐይቁ በረጅሙ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ደግሞ ሒሳቡ ይባስ ይጠብቃል። ስለዚህ ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደልና እስከ ታቦር ተራራ ፊት ለፊት ለሚመላለስ፣ ማታ ቻርጅ የሚያደርግበት ቦታ ላለው ሰው የኤሌክትሪክ ሞተር ከሁሉ ይሻላል። ማዶ ድረስ ለሚሄድ ሰው ገና ነው፤ ሁለት ባትሪ ካልያዘ በቀር። ተራውን የመኪና ባትሪ ልጠቀም የሚል ካለ፣ ባለ 12 ቮልት 100 አምፔሩ በእርጋታ የሚሰጠው 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ስታወጡበት ባትሪው ይሞታል።

ጫማው፦ ፕሮፔለር

ፕሮፔለር ላይ ሁለት ቁጥር ተቀርጿል። ለምሳሌ 9.25 በ11። ሁለቱም በኢንች ናቸው። የመጀመሪያው ፕሮፔለሩ ሲዞር የሚሠራው ክብ ስፋት ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሁለተኛው ፒች ይባላል። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ አንዴ ሙሉ ሲዞር፣ ውኃው እንደ እንጨት ጠንካራ ቢሆን ኖሮ፣ እንደ ብሎን ገብቶ የሚጓዘው ርቀት ነው። ፒቹ ትልቅ ከሆነ እንደ አምስተኛ ማርሽ ነው። ትንሽ ከሆነ እንደ ሁለተኛ።

የእኛ ፕሮፔለር ያ 9.25 በ11 ነበር። እስኪ እናስላው። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ዙር ቢዞር፣ በ2.08 ሲካፈል ፕሮፔለሩ 2,400 ይዞራል። 11 ኢንች 28 ሳንቲ ሜትር ነው። 2,400 በ0.28 ሲባዛ በደቂቃ 672 ሜትር። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ማለት ነው! ፈጣን ጀልባ ላይ ከዚህ ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ይባክንና ጀልባው ከ32 እስከ 36 ይሄዳል። የእኛ ጀልባ ጣሪያ ግን 10.5 ነው። ዳገት ላይ በአምስተኛ ማርሽ የተነሳ አይሱዙ ማለት ይኼ ነው። ሞተሩ ይታፈናል። ሙሉ ነዳጅ እየሰጠነው ከ4,000 ዙር አላልፍ አለ። የተሠራው ደግሞ ከ4,500 እስከ 5,500 ባለው ውስጥ እንዲዞር ነው። የከፍታው ድካም ሲጨመርበት ከ15 ፈረሳችን እውነተኛው የምናገኘው ስንት እንደነበር ገምቱት።

የታፈነ ሞተር ዝግ ስላለ ያረፈ እንዳይመስላችሁ። ውስጡ ይሞቃል፣ ካርቦን ይይዛል፣ ፒስተኑና ኩሽኔታው ይጎዳሉ። በብዛት ሞተር የሚገድለው ከመፍጠን ይልቅ ይኼ ነው።

ፒቹን በአንድ ኢንች መቀነስ የሞተሩን ዙር ከ150 እስከ 200 ከፍ ያደርጋል። እኛ ከ11 ወደ 8 ወረድን። ዙሩ ከ4,000 ወደ 4,600 ወጣ። ሞተሩ ያው፣ ጀልባዋ ያው፣ ነፋሱ ያው። ከማዶ መልስ የነበረው ጭንቀት ቀረ። ሌላ ባለ 20 ፈረስ ሞተር ልንገዛ ስንማከር ነበር እኮ! ከሞተር ዋጋ በአንዲት ትንሽ ብረት ነው የተገላገልነው።

ስፋቱስ? በማንኪያ ከመቅዘፍ በሰፊ መቅዘፊያ መቅዘፍ ይሻላል። ለዝግተኛ ጀልባም እንደዚሁ ነው። ብዙ ውኃ በእርጋታ የሚገፋ ሰፊ ፕሮፔለር፣ ትንሽ ውኃ በኃይል ከሚወረውር ጠባብ ፕሮፔለር ይበልጣል። ግን እንደልባችሁ ማስፋት አትችሉም። ከፕሮፔለሩ በላይ ካለው የሞተሩ ጠፍጣፋ ክንፍ በታች ያለው ቦታ ይወስነዋል። ለግፊት የተሠራውን ባለ 9.9 የምወደው ለዚህ ነው። የእሱ ፕሮፔለር 11.75 ኢንች ድረስ ይሰፋል። የተራው ባለ 15 ከ9.25 ብዙም አያልፍም።

ምላሱ፣ ውኃውን የሚገፋው ቅጠሉ፣ ስንት ይሁን? ሞተሩ ከኋላ የሚሰቀል ከሆነ ባለ ሦስት ምላስ ይበቃል። ባለ አራት ምላስ ከሞገድ ጋር ሲታገል ውኃውን በደንብ ይይዛል፤ ንዝረቱም ያንሳል፤ ዙሩን ግን ትንሽ ይቀንሰዋልና ስትገዙት ፒቹን በአንድ ኢንች ዝቅ አድርጉ። በሸራ ሲሄዱ የሚታጠፍ ባለ ሁለት ምላስ ፕሮፔለር አለ፤ ውድ ነው። እሱ የሚያስፈልገው ሞተሩ በሆዷ ላለ ጀልባ ነው። በእኛ ዓይነቷ ግን ሸራው ሲነፋ ሞተሩን ከውኃ ማንሳት ነው፣ አለቀ።

ከምን ይሠራ ለሚለው፣ አሉሚኒየም። ሐይቁ ከዳሩ ብዙ ቦታ ጥልቀት የለውም፤ በጥልቁ ቦታም 20 ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። ድንጋይና ግንድ መምታት ይኖራል። አሉሚኒየሙ ይጎብጣል ወይም ይሰበራል፤ ግን ራሱ ተሰብሮ ውድ የሆነውን ማርሽ ያድናል። የማይዝገው ብረት ጠንካራ ነው። ሲመታ ግን ጉዳቱን ወደ ውስጥ ሊያሳልፍ ይችላል። የፕላስቲኩ ለመጠባበቂያ ጥሩ ነው። አንድ ትርፍ ፕሮፔለር፣ ፒኑንና ብሎኑን ጨምሮ፣ ጀልባዋ ውስጥ ሁልጊዜ ይኑር።

አንዳንዱ ፒቹ ትልቅ የሆነበትን ፕሮፔለር ቶርኖ ቤት ወስዶ ጫፉን ያስቆርጠዋል። ዙሩ ይጨምራል፣ እውነት ነው። ግን የቆረጣችሁት በጣም የምትፈልጉትን ስፋት ነው። ሚዛኑም ይዛባል። ሌላ እስኪገኝ ካልሆነ በቀር አላደርገውም።

ርዝመትና መረብ

የሞተሩ እግር በሦስት ርዝመት ይመጣል፤ 38፣ 51 እና 64 ሳንቲ ሜትር። ለባለ ሸራ ጀልባ አጭሩን አትግዙ። ከሰዓት በኋላ ሞገድ ሲነሳ፣ ሸራ ለመጠቅለል አንድ ሰው ወደ ፊት ሲሄድ የኋላዋ ብድግ ይላል። ፕሮፔለሩ አየር ላይ ወጥቶ ባዶውን ይጮኻል። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባዋ ሆድ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ዝቅ ማለት አለበት። እኔ ለባለ ሸራ ከዚያም በላይ ዝቅ ቢል ደስ ይለኛል።

ሌላው የመረብ ነገር ነው። አሣ አጥማጆቻችን ማታ መረባቸውን ይዘረጋሉ፣ ጠዋት ያነሳሉ። ገና ጎሕ ሲቀድ የምትወጡ ከሆነ ተንሳፋፊ ምልክቶቹን እያያችሁ ሂዱ። መረቡ የሰው እንጀራ ነው። ለእናንተም አይጠቅም። ቀጭኑ ናይለን ፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ ፓራዮሊዮውን፣ ውኃ እንዳይገባ የሚያግደውን ጎማ፣ ይቆርጠዋል። ውኃ ማርሹ ውስጥ ይገባል። የማርሹን ዘይት ስታወጡት ወተት የመሰለ ከሆነ ደርሶባችኋል ማለት ነው። በወር አንዴ ፕሮፔለሩን ፈትታችሁ ዘንጉን እዩት። አሥር ደቂቃ ነው። ወደ ጥቁር ውኃ በኩል ባለው ደንገልና ፊላ ውስጥም ሞተር ይዞ መግባት አይመከርም። ሣሩ ይጠመጠማል። ጉማሬም አለ።

ሳትፈትኑ ገንዘብ አትክፈሉ

ሞተር በበርሜል ውኃ ውስጥ አስነስቶ ማሳየት የተለመደ ነው። ያ የሚነግራችሁ መነሳቱንና ማቀዝቀዣው ውኃ መርጨቱን ብቻ ነው። አቅሙን አይነግራችሁም። ሻጩን ሐይቁ ላይ እንሞክረው በሉት። እምቢ ካለ ሌላ ሞተር አይጠፋም።

ጀልባዋን እንደምትጠቀሙባት ጫኗት። አራት ሰው የምትይዝ ከሆነ አራት ሰው ይውጣ። ካንዴላው ገመድ ላይ የሚጠመጠም ትንሽ ዙር ቆጣሪ አለ፤ ርካሽ ነው፤ እሱን ያዙ። ፍጥነቱን ስልካችሁ ያሳያችኋል። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ ሁለት ደቂቃ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። ዙሩን አንብቡና የሞተሩ መጽሐፍ ከሚለው ጋር አስተያዩት። ከዝቅተኛው በታች ከሆነ ፒቹን ቀንሱ። ከላይኛው ካለፈ ጨምሩ። በመካከሉ ካረፈ ልኩ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ድገሙት። ያኔ በሰዓት ቢያንስ 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር የማትሄድ ከሆነ ጉልበቱ ወይም ፕሮፔለሩ አልበቃም።

እኛ በ8 ፒቹ ፕሮፔለር አንድ ዓመት ከሄድን በኋላ ባለ ሁለት ምቱን ሸጠን ለግፊት የተሠራውን ባለ 9.9 ገዛን። በቁጥር አምስት ፈረስ ቀንሰናል። ከሰዓት በኋላ ከማዶ ስንመለስ ግን አሁን ነው ቀድመን የምንገባው። ድምፁም ስለቀነሰ ጀልባ ላይ እንደ ሰው እናወራለን። የቤንዚኑ ጀሪካንም ቶሎ አያልቅም።

ያቺ 9.25 በ11 ፕሮፔለር አልተጣለችም። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ ቀላልና ጠፍጣፋ ጀልባ ላለው አንድ የሰፈራችን ልጅ ሰጠነው። በባለ 15 ሞተሩ ላይ ገጠማት። እሱ ጋ ልኳ ሆናለች።